ልጃችሁ ምሳውን ከማን ጋር ይበላል?

ባለፈው ኅዳር የልጄ ልጅ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ ይዞ ከትምህርት ቤት መጣ። አምስተኛ ክፍል ነው። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚደርስ ማንጓጠጥና ሰውን ስለማግለል ያላቸውን አመለካከት የሚጠይቅ ወረቀት እንደሚሞሉ ደብዳቤው ይገልጻል። ስም አይጻፍበትም። ወላጅ ከፈቀደ እንዲፈርም ተጠይቋል።

እናቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ለእኔ ሰጠችኝ። «እማዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? እንፈርም ወይስ ይቅር?» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሰፈራችን እናቶች ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬው ሁሉ ስለዚሁ ደብዳቤ ሆነ። አንዷ «ልጆቹ የማያውቁትን ክፋት ሊያስተምሯቸው ነው» አለች። ሌላዋ «የትምህርት ቤቱን ስም ከማጥፋት በቀር ምን ይፈይዳል?» አለች። ከሁላችን ዝምተኛ የሆነችው ሦስተኛዋ ግን «የእኔን ልጅ አንድ ሰው ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረችም።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። መምህርም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ሰው የሚደብቀውን ነገር መጠየቅ ግን የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለስንቱ በሽተኛ እንደነገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ልጄን «ፈርሚ» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኳት፣ ከፈረመች በኋላም በገዛ ቤታችን ምን እንዳገኘን ልንገራችሁ።

ክኒኑ የያዘውና ያልያዘው

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ውጭ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ልጅቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት። በእጃችን የነበረው ዋናው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው፤ ለእሷም ሠራላት። በየሳምንቱ ይጥላት የነበረችው ልጅ አንድም ቀን ሳይጥላት ወራት አለፉ። እኔም ካርዷ ላይ «ተሽሏታል» ብዬ ጻፍኩ። ደስም አለኝ።

በዓመቱ እናቷ ብቻዋን መድኃኒት ልትወስድ ስትመጣ «ልጅቷ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ትምህርቱንማ ትታዋለች፣ እህቴ» አለችኝ። ለካ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጥሏት ነበር፤ ልጆቹ እየጮኹ ሸሽተው ወጡ። ከዚያ በኋላ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። እሷ በጠጣችበት ጣሳ የሚጠጣ ጠፋ። አንድም ልጅ አልመታትም፤ አንድም ልጅ ግን አላናገራትም። ብትድንም አልተመለሱላትም፤ እሷም ቀረች።

ክኒኑ በሽታውን ያዘው፤ የክፍል ጓደኞቿን ፍርሃት ግን አልያዘውም። እኔ የልጅቷን ሁኔታ እየለካሁ ስጽፍ የክፍሉን አልለካሁም ነበር።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የሚጥል በሽታ በትንፋሽም፣ በምራቅም፣ በመንካትም አይተላለፍም። በሽታው የጣለውን ሰው ስታዩ በጎኑ አስተኙት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት። በአፉ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት አታሽትቱት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ካልተወው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ አካባቢ ያደረጉትን ጥናት አገኘሁ። በገጠሩ ነዋሪ ዘንድ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያሳዩት እነሱ ናቸው። እኔን የደነቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ሕዝቡ ስለ በሽታው ምን እንደሚያስብም ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመዋል። ብዙ ሰው በሽታውን ከክፉ መንፈስ ጋር ያያይዘው ነበር። የሰው በሽታ እንደሚለካ ሁሉ በበሽተኛው ዙሪያ ያለው ሰው ሐሳብም እንደሚለካ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መጠይቁ ከየት መጣ?

በትምህርት ቤት ስለሚደርስ ጥቃት ልጆችን ራሳቸውን መጠየቅ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ስዊድን ተወልደው በኖርዌይ በበርገን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዳን ኦልቬዩስ ናቸው። ጥናታቸውን የጀመሩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን የልጆች ጨዋታ አድርጎ ነበር የሚያየው።

እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ሦስት ወንድ ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ። እኩዮቻቸው ያደርሱባቸው የነበረው ከባድ ጥቃት ለዚህ ሳይዳርጋቸው አልቀረም ተባለ። አገሩ ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት በመላ አገሪቱ ዘመቻ ሲጀመር ኦልቬዩስ ባዘጋጁት መጠይቅ ወደ 130,000 ተማሪዎች ተጠየቁ። 15 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከሰባት ተማሪ አንዱ፣ ወይ ጥቃት የሚደርስበት ወይ ጥቃት የሚያደርስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ወላጅም መምህርም «እኛ ጋ የለም» ይል ነበር።

የመጠይቁ አሠራር ቀላል ነው፤ ግን ብልሃት አለበት። በመጀመሪያ ቃሉን ያስረዳል። ልጆቻችን «ቡሊ ማድረግ» የሚሉት፣ እኛ ማንጓጠጥ፣ ማሸማቀቅ ወይም ጉልበተኝነት የምንለው ነገር ሦስት ምልክት አለው። ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ይደጋገማል፤ የሚጠቃው ልጅ ደግሞ ራሱን ለመከላከል አቅም ያንሰዋል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ልጆች ቢጣሉ ጠብ ነው እንጂ ይህ አይደለም። አንድን ልጅ ከጨዋታ ማስወጣት፣ እንዳላዩት ማለፍና ስም እያወጡ መሳቅ ግን ከዚሁ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የሚጠይቀው «በሕይወትህ ተጠቅተህ ታውቃለህ?» ብሎ አይደለም። «ባለፉት ሁለት ወራት ስንት ጊዜ?» ይላል። መልሶቹም ተዘርዝረዋል፤ አልደረሰብኝም፣ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት አንዴ ገደማ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ። በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የመለሰ ልጅ ጥቃት ይደርስበታል ተብሎ ይቆጠራል። እኛም በሽተኛን «ራስህን ያምሃል?» ብለን አናቆምም፤ «ከመቼ ጀምሮ? በሳምንት ስንት ቀን?» እንላለን።

በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎች በዚህ መንገድ እየተጠየቁ፣ መምህራኑና ወላጆቹም በውጤቱ ላይ እየተነጋገሩ ሁለት ዓመት ያህል ሲሠራ ጥቃቱ በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሶ ተገኘ። በሌሎች አገሮች ሲሞከር ውጤቱ ከዚህ አነስ ያለ ነበር። ቢሆንም ሳይጠየቅ የተሻሻለ ትምህርት ቤት እስካሁን አልሰማሁም።

«ክኒንህን ወሰድህ?» እና «ስንት ቀረህ?»

የደረሰውን ነገር መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የልጁን አመለካከት መጠየቅ ደግሞ ሌላ። ይህኛው ይከብዳል። አንድን ልጅ «ሰውን በዘሩ፣ በበሽታው ወይም በአያቶቹ ሙያ መናቅ ጥሩ ነው?» ብትሉት «አይደለም» ይላችኋል። መልሱን ከግብረ ገብ ደብተሩ ያውቀዋል።

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን ስከታተል ይህ ደርሶብኛል። «ክኒንህን በደንብ ወሰድህ?» ስለው «አዎ፣ እህቴ» የማይለኝ አልነበረም። ማንም በክፋት አይዋሽም፤ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው። በኋላ «እስቲ የቀረህን አሳየኝ» ማለትን ለመድኩ። ክኒኑን ስንቆጥር እውነቱ ይወጣል።

ለአመለካከትም እንዲህ ያለ መቁጠሪያ አለ። ኤሞሪ ቦጋርደስ የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 መሰላል የመሰለ መጠይቅ አወጡ። «ይህን ሕዝብ ትወዳለህ?» ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ወገን የሆነ ሰው በጋብቻ ቢዛመድህ ትቀበላለህ? ጓደኛህ ቢሆንስ? ጎረቤትህ ቢሆንስ? የሥራ ባልደረባህ ቢሆንስ? የአገርህ ዜጋ ቢሆንስ? እያሉ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይወርዳሉ። ሰውዬው የቆመበት ደረጃ በልቡ ያለውን ርቀት ያሳያል።

ይኸው መሰላል ለትምህርት ቤትም ይሆናል። በአንድ ዴስክ አብሬው እቀመጣለሁ፤ አብሬው አጠናለሁ፤ ምሳዬን አብሬው እበላለሁ፤ ቤቴ እጋብዘዋለሁ። «ሁሉም ሰው እኩል ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ «ምሳዬን አብሬው እበላለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ እርሳሱ ይቆማል።

የእኛም ቤት እርሳስ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

«አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ»

ወረቀቱን በሞሉበት ቀን ማታ የልጅ ልጄ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ‹ምሳዬን አብሬው እበላለሁ› የሚለው ላይ ‹አልበላም› የሚለውን አከበብኩ። ተሳስቼ ይሆን?»

«ፈተና አይደለም፣ አባቴ። ማንን አስበህ ነው?»

የአንድ ልጅ ስም ጠራልኝ። አውቀዋለሁ፤ በሒሳብ ጎበዝ ነው፣ የእኛንም ልጅ ያስጠናዋል። አያቱ ጀበናና ምጣድ እየሠሩ ገበያ ያወጣሉ።

«ልጆቹ ቡዳ ነው ይሉታል። ሲመጣ ምሳ ዕቃቸውን ይከድናሉ። እሱ ደረጃው ላይ ብቻውን ነው የሚበላው» አለኝ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምንም አልለውም። ሲስቁ ግን እስቃለሁ።» ትንሽ ዝም አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ደግሞ ሸፍነህ ብላ ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ።»

እውነቱን ነው። ትንሽ ሳለ ሆዱን ባመመው ቁጥር «ምግብህን ሸፍነህ ብላ፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው» እለው ነበር። እናቴ ለእኔ ትለኝ ነበር፤ እኔም ሳላስበው ለእሱ አቀበልኩት። የሆድ ሕመም ከጃርዲያና ከአሜባ፣ ካልታጠበ እጅና ካልተፈላ ውኃ እንደሚመጣ ለስንት ሺህ እናት ያስተማርኩ ሴት ነኝ! የሚጥል በሽታ አይተላለፍም እያልኩ የተከራከርኩ ሴት ነኝ! ያቺ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረችው በእንዲህ ዓይነት አፍ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ በእኔ ቤት ነበር።

ከሁሉ የከነከነኝ ምን መሰላችሁ? ያን ቅዳሜ ስለ ደብዳቤው እያወራን የጠጣነው ቡና የተፈላው በሸክላ ሠሪ እጅ በተሠራ ጀበና ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ እኛ ጓዳ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው።

አይተው የሚስቁት

የእኛ ልጅ አልተመታም፣ አልመታም። «ምንም አልለውም» የሚል ልጅ ነው። እኔም ድሮ ቢሆን በዚህ እጽናና ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው ይላሉ።

በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው አጥቂና ተጠቂ ብቻ አለመሆኑን አሳዩ። አጥቂውን የሚያግዝ አለ፤ እየሳቀ የሚያበረታታ አለ፤ ፊቱን አዙሮ የሚሄድ አለ፤ ለተጠቂው የሚቆም አለ። የእኛ ልጅ ከሳቂዎቹ ነው። አጥቂው ልጅ የሚፈልገው ደግሞ ያንን ሳቅ ነው።

በካናዳ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆችን በካሜራና በድምፅ መቅጃ ተከታትለው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። ጥቃት ሲደርስ ከ100 ጊዜ በ88ቱ የሚያዩ ልጆች በአካባቢው ነበሩ። ጣልቃ የገቡት በ19ኙ ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ፣ በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አሥር ሰከንድ! እኛ አዋቂዎች ለወራት ስብሰባ የምንቀመጥበትን አንድ ልጅ «ተወው» ብሎ ያስቆመዋል።

ታዲያ ለምን አይሉም? ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ኬን ሪግቢና ፊሊፕ ስሊ እ.ኤ.አ. በ1991 የተማሪዎችን አመለካከት ለክተው አብዛኞቹ ለተጠቂው እንደሚያዝኑ አገኙ፤ ርኅራኄው ግን ዕድሜያቸው ከፍ ሲል እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ልጅ ሁሉ «ይህን የማልወደው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ማሰቡ ነው። በአሜሪካ ዌስሊ ፐርኪንስና ባልደረቦቹ በኒው ጀርሲ አምስት ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንተ ምን ታስባለህ? ጓደኞችህስ ምን ያስባሉ ትላለህ? ልጆቹ ጓደኞቻቸው ጥቃትን የሚደግፉ ይመስላቸው ነበር፤ እውነቱ ግን አብዛኛው ልጅ አይደግፍም። እውነተኛው ቁጥር በትልልቅ ወረቀት ተጽፎ በየግድግዳው ሲለጠፍ ጥቃቱ ቀነሰ።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በልጆች መካከል ግን ዝምታ ይነቅዛል። የአንዱ ዝምታ ለሌላው መስማማት ይመስለዋል።

በእኛ አገርስ?

ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት አለ። 15 ዓመት ሲሞላቸው ከተጠየቁት የኢትዮጵያ ልጆች 15 በመቶው መገለልና መዋረድ ይደርስብናል ብለዋል፤ መመታት ያሉት 5 በመቶ ናቸው። ይህ ቁጥር ለወላጅ ትልቅ ነገር ይነግራል። እኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምንፈልገው የተቀደደ ሸሚዝና ያበጠ ዓይን ነው። ብዙው ጉዳት ግን ሸሚዝ አይቀድም። በዚያ ዕድሜ የተጠቁት ልጆች በ19 ዓመታቸው ሲታዩም በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

በዓለም ደረጃ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከሦስት ተማሪ አንዱ ያህሉ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበታል።

በተመላላሽ ክፍል ስሠራ ሰኞ ጠዋት የሚመጡ የሆድ ሕመምተኛ ልጆች ነበሩ። ትኩሳት የለም፣ ሰገራቸው ንጹሕ ነው፣ ሐኪሙ ምንም አያገኝም፤ ቅዳሜ ደግሞ ደህና ናቸው። እናቶች «ትምህርት ጠልቶ ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም እንስማማ ነበር። ዛሬ ቢሆን አንድ ጥያቄ እጨምር ነበር፤ ትምህርት ቤት አጠገብህ የሚቀመጠው ማነው?

ከመፈረማችሁ በፊት

ፈርሙ እላለሁ፤ ግን ጠይቃችሁ ፈርሙ። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለወላጅ መምህር ኅብረት ልታቀርቡ የሚገባችሁ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ስም በእርግጥ አይጻፍም ወይ? ክፍልና ተራ ቁጥር ከተጻፈ ስም እንደ መጻፍ ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም አንድ ብቻ አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ ጥያቄው እሱን የሚጠቁም መሆን የለበትም። ያን ልጅ ለማገዝ የመጣው ወረቀት እንዳይጎዳው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ የሚሞሉት የት ነው? መምህሩ በትከሻቸው ላይ እያየ ከሆነ እውነቱን አይጽፉም። ጓደኛቸው አጠገብ ተጠግቶ ካየም እንዲሁ። ማንበብ የሚከብደው ልጅ ካለ ጥያቄው ለሁሉም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሊነበብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሲሞላ የከፋው ልጅ ወደ ማን ይሄዳል? የአንድ የሚታመን ሰው ስም አስቀድሞ ይነገር።

አራተኛ፣ ውጤቱ ምን ይደረግበታል? መጠይቅ ጥፋተኛ መፈለጊያ አይደለም። «ይህን የጻፈው ማነው?» ተብሎ የተፈለገ ዕለት በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ልጅ «ምንም የለም» ብሎ ይመልሳል። ውጤቱ ጥቃቱ የሚደርስበትን ቦታና ሰዓት ማሳየት አለበት፤ መጸዳጃ ቤት ነው? የምሳ ሰዓት ነው? ሰርቪስ ውስጥ ነው? ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ አዋቂ ሰው ይመደባል።

አምስተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ጥያቄ ይደገማል ወይ? አንዴ የተለካ ትኩሳት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ቢል ደግሞ አትደንግጡ። በአንድ ወረዳ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት የታማሚው ቁጥር ይጨምራል። በሽታው ስለጨመረ አይደለም፤ የተደበቀው ስለወጣ ነው። ልጆችም ሲታመኑ ይናገራሉ።

«ክፋት ያስተምራቸዋል» ለሚሉም መልስ አለኝ። ልጆቻችን የማያውቁትን አልተጠየቁም። ምሳ ዕቃ መክደኑን ከመጠይቁ አልተማሩትም።

በቤት ስትጠይቁ

መጠይቅ የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ቢሆንም እያንዳንዳችን በቤታችን መጠየቅ እንችላለን። «ዛሬ ትምህርት እንዴት ነበር?» ብትሉ መልሱ «ጥሩ» ነው። «ማን መታህ?» ብትሉም ዝም ይላል፤ ሄዳችሁ እንዳታሳፍሩት ይፈራል።

ትንሽ ትንሽ፣ ከሩቅ እየጀመራችሁ ጠይቁ። በእረፍት ሰዓት ምን ተጫወታችሁ? የማይጫወት ልጅ ነበር? ምሳህን ከማን ጋር በላህ? ብቻውን የሚበላ አለ? ልጆቹ ሲስቁበት አንተ የት ነበርክ? ያን ጊዜ ምን ተሰማህ? እየጠየቃችሁ ሥራ ያዙ፤ ሽንኩርት ላጡ፣ ልብስ እጠፉ። ልጅ ፊት ለፊት ሲታይ ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሆን ያወራል። መልሱ የማያስደስት ቢሆንም አትቆጡ። ከተቆጣችሁ ያ የመጨረሻው መልስ ይሆናል።

ልጃችሁ ተጠቂ ሆኖ ከተገኘ «አንተም ምታ» አትበሉት፤ «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» በሉት፤ የደረሰበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ውሰዱ። አጥቂ ሆኖ ከተገኘም አትግረፉት። ተገርፎ የተማረው ነገር ጉልበት ያለው እንደሚመታ ነው። ያጠፋውን እንዲያቀና አብራችሁት ቁሙ።

ለእኛ ለአያቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ይኼ ልጅ ከእኔ አፍ ምን ሰማ? ቡና ላይ «እነ እገሌ ዘራቸው እንዲህ ነው» ስንል፣ የሰውን አነጋገር እየቀዳን ስንስቅ፣ «ከዚያ ቤት ልጅ ጋር አትብላ» ስንል ትንንሾቹ ምንጣፉ ላይ እየተጫወቱ ይሰማሉ። በትምህርት ቤት የሚለካው አመለካከት በብዛት የተቦካው እቤት ነው።

ደረጃው ላይ

ያን ማታ ለልጅ ልጄ «ተሳስቼ ነው» አልኩት። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም። እኔ ነርስ ሆኜ ሳለሁ የማላምንበትን ነገር ነገርኩህ። ይቅርታ» አልኩት። አያት ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ ሳቀ። ከዚያ የልቡን ተናገረ፤ «ብቻዬን ሄጄ አጠገቡ ብቀመጥ እኔንም ይሉኛል» አለኝ።

አልገፋሁትም። «ከጓደኞችህ መካከል ነገሩን የማይወደው አንተ ብቻ ነህ?» አልኩት። አላወቀም። በማግስቱ የቅርብ ጓደኛውን ጠየቀው። ያም ልጅ አይወደውም ነበር፤ እሱም ብቻውን የሆነ መስሎት ይስቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ሄዱ።

በጥር ወር በወላጆች ስብሰባ ላይ ውጤቱ ተነገረን። ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ ግን ከውጭው ጥናት ጋር አንድ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ማግለሉን አይወዱም፣ አብዛኞቹ ግን ሌላው የሚወደው ይመስላቸዋል። ያቺ ቡና ላይ ዝም ያለች እናት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስትወጣ እጄን ጨብጣኝ ሄደች። የእሷ ልጅ ምን እንደደረሰበት አልጠየቅኳትም። ስትዘጋጅ ትነግረኛለች።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ አንዳንድ ቀን አሁንም ብቻውን ይበላል። የእኛ ልጅም ፈርቶ ያልሄደበት ቀን አለ፤ ማታ ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ ይላል። እኔም አልቆጣውም፤ «ነገ ሌላ ቀን ነው» እለዋለሁ። እናቱ ግን ምሳ ዕቃው ውስጥ አንድ ቁራሽ ዳቦ ትጨምራለች፤ ለማጋሪያ።

በሚቀጥለው ኅዳር ደብዳቤው እንደገና ይመጣል። የልጅ ልጄ «ምሳዬን አብሬው እበላለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያከብ አልጠይቀውም። ወረቀቱ ስም የለውም፤ መልሱ የእሱ ነው። እኔ የምጠብቀው የራሴን አፍ ነው።